«ብሮውዘር ካለህ ሁሉም አለህ» ይሉናል፤ ወሎ ላይስ?

የአራዳዋ ጸሐፊ፦
ሰሞኑን ደሴ ላይ ለወጣቶችና ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሠልጣኙ «ፕሮግራም መጫን ድሮ ቀረ፤ ብሮውዘር፣ ማለትም እንደ ክሮም ያለ የኢንተርኔት መክፈቻ፣ ካለህ ሁሉም አለህ፣ ያውም በነጻ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነው የወጣሁት። የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ ብቻ አስቀምጦ «አትሚልኝ» የሚል ተማሪ በየሰኔው ይመጣል። ሊንኩን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እከፍታለሁ፣ ነጩ ገጽ ላይ ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ኔትወርኩ ሲመለስ መብራት ይሄዳል። የማስረከቢያው ሰዓት ያልፍና ልጁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ይህን ሳይነግሩ «ሁሉም አለህ» ብሎ ማሠልጠን ተገቢ ነው?

የቦርከና ልጅ፦
እህቴ፣ አሠልጣኙ ላይ ፈረድሽበት። እኔ ኮምቦልቻ ላይ ባነርና የሠርግ ጥሪ እየሠራሁ ነው ቤተሰብ የማስተዳድረው። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ያላት አሮጌ ናት። ድሮ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ፎቶሾፕ በፍላሽ እየተቀባበልን ነበር የምንጭነው፤ ቫይረሱ አብሮ ይመጣና የደንበኛን ሥራ ጠራርጎ ይሄዳል። አሁን የምሠራው በፎቶፒ ነው፤ ሳይጫን በብሮውዘር የሚከፈት የፎቶ ማስተካከያ ነው። የፎቶሾፕን ፋይል ከነሌየሩ ይከፍትልኛል፣ የአማርኛ ፎንት ከኮምፒዩተሬ ጎትቼ እጨምርበታለሁ፣ ከዳር ማስታወቂያ ከማሳየቱ በቀር ሳንቲም አይጠይቀኝም። ኢቫን ኩትስኪር የሚባል ሰው ነው የሠራው። ፋይሉ ወደ የትም አይላክም፣ ሥራው የሚሠራው እዚሁ ላፕቶፔ ላይ ነው። ገጹ አንዴ ከተከፈተ ኔትወርክ ቢጠፋም መሥራቴን እቀጥላለሁ። ለእኔ ብሮውዘር እንጀራዬ ነው።

የጦሳ ልጅ፦
«ገጹ አንዴ ከተከፈተ» አልክ። እሷም የምትለው እኮ ይህንኑ ነው። አንዴ ማን ይክፈተው?

የቦርከና ልጅ፦
ጠዋት ኔትወርክ ሲኖር እከፍተዋለሁ፣ እስከ ማታ አልዘጋውም። ምን ከባድ ነገር አለው?

የጦሳ ልጅ፦
መብራት ሄዶ ባትሪው ሲያልቅስ? «አንዴ ከተከፈተ» የሚለው ላይ ነው ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው። ሥልጠናው ላይ ይህች ቃል ብትጨመር ኖሮ እኔም አጨበጭብ ነበር።

መምህር ከመርሳ፦
ልጆቼ፣ ያለፍንበትን ረሳችሁት መሰለኝ። በነሐሴ 2013 በጦርነቱ ምክንያት ከመርሳ ስንወጣ የያዝነው ልጆቻችንን ብቻ ነው። ታኅሣሥ 2014 ስንመለስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድም ኮምፒዩተር አልነበረም። ሃርድ ዲስክ የለ፣ የፈተና ጥያቄ የለ፣ የተማሪ ውጤት የለ። ፍላሽ ላይ ያስቀመጠ ባልደረባዬ ፍላሹም ከቤት ዕቃው ጋር ተወሰደበት። የተረፈው ጉግል ድራይቭ በሚባለው የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ የነበረው ብቻ ነው። ተፈናቅዬ ዘመድ ቤት ሳለሁ በሰው ስልክ ገብቼ የክፍሌን ልጆች ስም ዝርዝር ከነውጤታቸው ሳየው አለቀስሁ። የት እንደተበተኑ የማላውቃቸው ልጆች፣ ሁሉም በፊደል ተራ ተሰልፈው። ስለዚህ ብሮውዘሩን አታንኳስሱብኝ።

የአራዳዋ ጸሐፊ፦
መምህር፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው፤ ደሴም በጥቅምት 2014 መጨረሻ ያየችውን አይታለች። ግን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ በክልላችን ብዙ ቦታ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ያ ድራይቭ ምን ጠቀመ? ፋይሉ አለ፣ እኛ ግን አናገኘውም።

መምህር ከመርሳ፦
«አለ» ካልሽ ይበቃኛል። የጠፋና የዘገየ አንድ አይደለም።

የአራዳዋ ጸሐፊ፦
የሥራ ማመልከቻ ማብቂያ ቀን ለደረሰበት ልጅ የዘገየና የጠፋ አንድ ነው፣ መምህር።

ሐይቅ ዳር፦
መምህር ልክ ናቸው። የጠፋ ነገር የለውም፣ የዘገየ ግን ይደርሳል። ደግሞም ሳይዘገይ የሚሠራበት መንገድ አለው። በክሮም የጉግል ድራይቭ ማስተካከያ ውስጥ ሰነዶችህን ያለ ኢንተርኔት እንድትከፍት የሚያደርግ አማራጭ አለ። ኔትወርክ እያለ አስቀድመህ ታበራዋለህ፤ ከዚያ ኔትወርክ ቢጠፋም ትጽፋለህ፣ ሲመለስ ራሱ ያስተካክለዋል። ስልክ ላይም አንድን ሰነድ ለይተህ ኦፍላይን ማድረግ ይቻላል። እኔ ሐይቅ ላይ ሆኜ ለወገልጤና ዘመዶቼ የማኅበራችንን የእድር ሒሳብ በዚህ ነው የምሠራው። እነሱ በስልካቸው ያዩታል፣ ማን እንዳልከፈለ ለማወቅ መዝገብ ተሸክሞ መሄድ ቀርቷል። ጭቅጭቅም ቀንሷል ወላሂ።

የአራዳዋ ጸሐፊ፦
ሸጋ! አንተ አወቅኸው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ማን ነገረን? ሥልጠና ማለት ይህቺን ማሳየት አልነበረም?

የጦሳ ልጅ፦
መምህርንም ሐይቅ ዳርንም አንድ ነገር ልጠይቅ። «የጠፋ ነገር የለውም» ብላችኋል። በፈረንጆቹ 2010 ጉግል ፒክኒክ የሚባል በብሮውዘር የሚሠራ የፎቶ ማስተካከያ ገዛ፣ በ2012 ዘጋው። በ2013 ሪደር የሚባለውን የድረ ገጽ ጽሑፎች መከታተያውን ዘጋ። በ2020 መጨረሻ አዶቤ የሚባለው ኩባንያ ፍላሽ የሚለውን የብሮውዘር ማጫወቻውን (የኪሱን ፍላሽ አይደለም) ሲተው ለልጆች የተሠሩ ስንትና ስንት የብሮውዘር ጨዋታና ማስተማሪያዎች አብረው ቀሩ። የጉግል 15 ጊጋባይት ራሱ ለጂሜልም፣ ለፎቶም፣ ለድራይቭም አንድ ላይ ነው። እስከ 2021 ድረስ እዚያው የምትጽፋቸው ሰነዶች ከዚያ አይቆጠሩም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፉት ይቆጠራሉ። ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትም ሊሰረዝ ይችላል። አሁን መምህር እንዳሉት ተፈናቅሎ፣ ስልኩን ተነጥቆ፣ ስልክ ቁጥሩም የይለፍ ቃሉም ጠፍቶበት ሁለት ዓመት የቆየ የራያ ወይም የዋግ ገበሬ ልጅስ?

መምህር ከመርሳ፦
ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን የወሰደብኝ ጉግል አልነበረም፤ የወሰደብኝ በር ሰብሮ የገባው ነው። ለእኔ የሚያስፈራኝን እኔ አውቀዋለሁ።

የቦርከና ልጅ፦
ተቀበሉ! መምህር ተናገሩ።

የወረኢሉው ጡረተኛ፦
እኔ ደግሞ ከወጣትነቴ ጀምሮ በጽሕፈት ያገለገልኩ ነኝ። አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። በድሮ የግዕዝ ፎንት የጻፍኩትን ደብዳቤ የልጅ ልጄ በብሮውዘር ስትከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና ዝባዝንኬ ሆኖ ወጣ። የዕድሜ ልክ ሥራዬን የማያነብ ነገር እንዴት «ሁሉም አለህ» ይባላል?

ሐይቅ ዳር፦
ጋሼ፣ አብሽሩ፤ ጽሑፍዎ አልጠፋም። የድሮዎቹ ፎንቶች ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ለፊደላችን ከመምጣቱ በፊት በነበረው መንገድ የተሠሩ ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት ፎንት የሚሠራው ሰው ሁሉ «ሀ»ን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ እንደፈለገው ነበር የሚያስቀምጣት። ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይወጣል። ጥፋቱ የብሮውዘሩ አይደለም።

የወረኢሉው ጡረተኛ፦
ጥፋቱ የእኔም አይደለም ልጄ። በየወረዳው መዝገብ ቤት በዚያ የተጻፈ የመሬትና የፍርድ ወረቀት አለ። ወደ ዩኒኮድ ሳይገለበጥ «ወደ ብሮውዘር እንሂድ» ከተባለ ያ ሁሉ ከኋላ ይቀራል።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ የመሬት ወረቀት ካነሱ አይቀር፣ ዋናውን ልናገር። ኮፒ ቤቶች የሰው መታወቂያና የቤት ካርታ ስካን እያደረጉ ባለቤቱ የማይታወቅ ነጻ የፒዲኤፍ መቀየሪያ ላይ ይጭናሉ። ደንበኛው አያውቅም፣ አይጠየቅም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ለምን ሆነና? የአራዳዋ፣ አንቺ ትጭኚያለሽ ወይስ አትጭኚም?

የአራዳዋ ጸሐፊ፦
አሁን እኔ ተከሳሽ ሆንኩ? ከእኔ የተሻለ መሣሪያ ያለው ማን ነው እዚህ ከተማ? ደንበኛ ቆሞ «ቶሎ በይ፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው» ይለኛል። መቀየሪያው የተወሰነ ፋይል ከሠራ በኋላ «ቆይተህ ሞክር ወይም ክፈል» ይላል። ክፍያው በዶላር ነው፤ የብር ካርዴን አይቀበልም። ታዲያ ሌላ ነጻ እፈልጋለሁ፣ ከዚያም ሌላ። ማን እንደሠራው ለመመርመር ጊዜ የሚሰጠኝ የለም።

የጦሳ ልጅ፦
ስለዚህ ትጭኛለሽ።

የአራዳዋ ጸሐፊ፦
የሰው ምስጢር ሸጬ አላውቅም! አፍህን ሰብስብ።

ሐይቅ ዳር፦
ኧረ ተዉ፣ በዚህ አንጣላ። መለያ ዘዴ አለው። የመቀየሪያውን ገጽ ክፈቺ፣ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ኢንተርኔቱን አጥፊውና የማንም ምስጢር ያልሆነ ወረቀት ስጪው። ከቀየረልሽ ሥራውን የሚሠራው ኮምፒዩተርሽ ላይ ነው ማለት ነው፣ እንደ ቦርከናው ልጅ ፎቶፒ። እምቢ ካለ ፋይልሽን ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ ሊሆን ይችላልና የሰው ካርታ አትስጪው።

የቦርከና ልጅ፦
አይታችኋል? ነጻ ሁሉ አንድ አይደለም። ዝም ብሎ በጅምላ ማውገዝ ልክ አልነበረም።

የአራዳዋ ጸሐፊ፦
በጅምላ ያወደሰው አሠልጣኙ ነው እንጂ እኔ በጅምላ አላወገዝኩም።

የጦሳ ልጅ፦
ለእኔ መፍትሔው ሊብሬኦፊስ ነው፤ እንደ ዎርድ ያለ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን የጽሕፈት ፕሮግራም ነው። እሱም ነጻ ነው፣ ከ300 ሜጋባይት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ አንዴ በፍላሽ ገልብጠሽ ከጫንሽው ኔትወርክ አይፈልግም፣ ማንም ከርቀት አይዘጋብሽም። ዎርዱን እዚያው ፒዲኤፍ ያደርግልሻል። ቅዳሜ ሱቅሽ መጥቼ ልጫንልሽ፣ ሳንቲም አልቀበልም።

የአራዳዋ ጸሐፊ፦
ና፣ ቡናም አለ። ግን ፒዲኤፉንስ መልሶ ዎርድ ያደርገዋል? ሰንጠረዡ ሳይፈርስ?

የጦሳ ልጅ፦
ይከፍተዋል። ሰንጠረዡን ግን ይበታትነዋል።

የአራዳዋ ጸሐፊ፦
ደንበኛዬ በየቀኑ የሚጠይቀኝ እኮ እሱን ነው።

የቦርከና ልጅ፦
ታዲያ ወደ ብሮውዘር ተመለሺያ።

የጦሳ ልጅ፦
ካርታውን ይዛ?