ድራጎን ፍሩት በጅማ ግቢ፦ ቁራጩን ከየት፣ ምሰሶውን ከማን?

ባለፈው ዓመት የኔ ድራጎን ፍሩት (ፍሬው የሚበላ የካክተስ ዓይነት ነው) ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያብብ፣ ጎረቤቶቼ ማታ ጋቢያቸውን ደርበው መጥተው አዩት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። ከየት አመጣሽው? በምን ላይ ተከልሽው? እኛስ ጋ ይይዛል ወይ? ይይዛል። ሰፊ ግቢ ባይኖራችሁም፣ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ካላችሁ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከማስረዳ፣ የገዛሁትን፣ ያሠራሁትንና የከሰርኩበትን እያወዳደርኩ አንድ ላይ ልጻፈው ብያለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ካክተስ ሲባል ብዙ ሰው በረሃ ይመስለዋል። ድራጎን ፍሩት ግን የጫካ ካክተስ ነው። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ እዚያ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ ያድጋል። ዝናብ አይጠላም። የሚጠላው ሥሩ ውሃ ውስጥ መዋሉን ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ በበልግ ይጀምርና እስከ መስከረም አይለቀንም። ቀዩ አፈራችን ሜዳ ላይ ግሩም ነው፤ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን ይጠቀጠቅና ውሃ ይቋጥራል። የኔ ጥቆማ በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ብራችሁን ለውሃ ማፍሰሻውና ለምሰሶው አውጡ። በቀረው ቆጥቡ።

ቁራጩን ከየት እናምጣ?

በዘር አትጀምሩ። ፍሬውን ከአዲስ አበባ አምጥታ፣ ጥቋቁሮቹን ዘሮች አጥባ የዘራች ጓደኛ አለችኝ። በቅለውላታል፣ ሲያዩዋቸውም ደስ ይላሉ። ግን ከዘር የበቀለ ተክል ፍሬ እስኪያሳይ ዓመታት ይፈጃል። ከግንድ ቁራጭ የተተከለው ከተመቸው በአንድ ዓመት ተኩል ወይም በሁለት ዓመት ያብባል። ቁራጭ እናቱን ነው የሚሆነው፤ እናቱ የምትሰጠውን ፍሬ ይሰጣል።

መንገድ ዳር ያሉ ችግኝ ሻጮች ጋ በጥቁር ላስቲክ ሥር ያወጣ ችግኝ አንዳንዴ ይገኛል። ጥቅሙ ተክሉን በዓይናችሁ አይታችሁ መግዛታችሁ ነው። ግን የምትከፍሉት ለሥሩ ነው፤ ሥር ደግሞ ቁራጩ ራሱ በአንድ ወር ውስጥ ያወጣል። ለአቮካዶና ለማንጎ ችግኝ ሻጭ ጋ እሄዳለሁ። ለዚህ ግን ገንዘቤን አላወጣም።

በቴሌግራም የሚሸጡትስ? ከአዲስ አበባ እስከ እኛ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው በመኪና ይልክላችኋል። ቁራጩ በመንገድ አይጎዳም። ውሃውን በግንዱ ስለሚይዝ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ብዙ ቀን ይቆያል። በፌስታል ታፍኖ ከመጣ ግን ይሻግታልና "እባክዎ በጋዜጣ ይጠቅልሉልኝ" በሉ። ችግሩ መንገዱ አይደለም። ችግሩ የተላከው ነገር ምን መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልናገር። የመጀመሪያዬን "ድራጎን ፍሩት" የገዛሁት ከአንድ ሻጭ ነው። ባለ ሦስት ጠርዝ፣ አረንጓዴ፣ እሾሃም ነበር። ደስ ብሎኝ ተከልኩት፣ አደገልኝም። አንድ ቀን ጫፉን ስቆርጠው ነጭ ወተት አወረደ። ለካ የቁልቋል ዘመድ ኖሯል! ሰባት ወር ሙሉ ስንከባከብ የኖርኩት ፍሬ የማይሰጠኝን ተክል ነው። እውነተኛው ድራጎን ፍሩት ሲቆረጥ ወተት የለውም፤ የሚወጣው ንፍጥ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጫፉን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ወተት ካያችሁ ተዉት። ያ ወተት ዓይን ያቃጥላልና እጃችሁንም ታጠቡ።

ነጩንና ቀዩን መለየትም ይቻላል። የፍሬው ውስጥ ነጭ የሆነው ዓይነት ግንዱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቡናማና ደረቅ መስመር አለው። ቀዩ ደግሞ ግንዱ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጣ ያለ ሽፋን ይኖረዋል። ለጀማሪ የምጠቁመው ነጩን ነው። ብዙውን ጊዜ በራሱ የአበባ ዱቄት ያፈራል። ከቀዮቹ ብዙዎቹ ግን ሌላ ዓይነት አጠገባቸው ካላበበ ፍሬ አይዙም። ቦታ ካላችሁ ሁለቱንም ትከሉ።

ከሁሉ የምመርጠው ግን ያፈራ ተክል ካለው ሰው መቀበልን ነው። ፍሬውን ቀምሳችሁ፣ እናቱን አይታችሁ ትወስዳላችሁ። የዘንድሮውን ለስላሳ ቡቃያ አትቀበሉ፤ ይበሰብሳል። ጠቆር ያለ፣ የጠነከረ፣ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር የሚሆን ጠይቁ። ሲቆረጥ የታችኛውን ጫፍ ወዲያው ምልክት አድርጉበት። ተገልብጦ ከተተከለ ብዙ ይደክማል። እኔ የጥፍር ቀለም እቀባለሁ።

መትከያው

ሱቅ የሚሸጠው የሚያምር የፕላስቲክ የአበባ መትከያ ለዚህ ተክል ትንሽ ነው። ትልቁን ልግዛ ካላችሁ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ማዳበሪያ ጆንያ ሞክሬያለሁ። ርካሽ ነው፣ ውሃም ያሳልፋል። ግን ፀሐይ ይበላዋል፤ ዓመት ሳይሞላው ጎኑ ተተርትሮ አፈሩ ፈሰሰ። በጠላ ጋን ልትከል ያለ ዘመድ አለኝ፤ ሊበሳው ሲል ተሰነጠቀበት።

ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አፉ ተቆርጦ ለመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ አይበቃውም፤ ምሰሶም አይሸከምም። ለዘለቄታው የሚሆነው በርሜል ነው። የ200 ሊትሩን የፕላስቲክ በርሜል ለሁለት አስቆርጣችሁ ለሁለት ተክል ታደርጉታላችሁ። የሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ ውጡ፤ ያገለገለ በርሜልና ጀሪካን እያማረጣችሁ ትገዛላችሁ። ምን ተይዞበት እንደነበር ሳትጠይቁ አትግዙ። የምግብ ዘይት ከሆነ በሳሙና ይለቃል። ኬሚካል ከሆነ በነፃም ቢሆን ይቅርባችሁ፤ ፍሬው የሚበላ ነው። የብረት በርሜል አልጠቁምም። የበጋ ፀሐይ ያግለዋል፣ ክረምት ደግሞ ከታች ይዝጋል።

ከታች ቀዳዳው ይብዛ። እኔ ፌሮ አግዬ አውራ ጣት የሚያስገባ አሥር ቀዳዳ በስቻለሁ፤ አራቱ ጎኑ ላይ፣ ከታች ጠርዝ አጠገብ ናቸው። በርሜሉን ብሎኬት ላይ አስቀምጡት። መሬት ላይ ከተቀመጠ ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል። ከሥር ጠጠር መደርደር የተለመደ ነው፤ እኔም አድርጌው ነበር። ግን አይጠቅምም። ውሃው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ከአፈሩ ቶሎ አይለቅም፤ እርጥበቱ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ወንፊት ይበቃል። አሸዋውን ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት።

አፈሩ

የኔ ልክ ሁለት እጅ ሸካራ አሸዋ፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር ነው። አሸዋውን ግንባታ ላይ ካለ ሰው ለምናችሁ አንድ ጆንያ ብታገኙ ይበቃችኋል፤ ግን ነፍታችሁ ድቃቂውን አውጡ። የከሰል ስባሪ ካላችሁ ጨምሩበት። ከሞላችሁ በኋላ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱበት። ላዩ ላይ ሳይተኛ ቶሎ ከታች መውረድ አለበት። ከተኛ አሸዋ ጨምሩ።

ለኮምፖስት ከኛ የበለጠ የታደለ ከተማ ያለ አይመስለኝም። የቡና ገለባ ከኅዳር ጀምሮ መፈልፈያ ቤቶች ደጃፍ ተቆልሎ ታገኙታላችሁ። ፖታሲየም የበዛበት ስለሆነ ለፍሬ ተክል ጥሩ ነው። እኔ ግን ተቻኩዬ እንደመጣ ልደባልቀው ስል፣ ግብርና የሚማረው ተከራያችን አየኝ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ገና ትኩስ ነው። ሲብላላ ይግላል፣ ሥሩን ይጎዳብዎታል።"

"ታዲያ ምን ይሻለዋል ልጄ?"

"ከፍግ ጋር ደርድረው፣ እያራሱና እያገላበጡ ጥቂት ወራት ያቆዩት። ጠቁሮ የጫካ አፈር ሲሸት ያኔ ነው።"

አዳመጥኩት። አሁን የዓመቱን ገለባ ለሚቀጥለው ዓመት አቆያለሁ። ዩሪያ አልጠቀምም። ግንዱን ያሳብጠውና ለስላሳ ያደርገዋል፤ ክረምት ላይ ያ ለስላሳ ግንድ ነው ቀድሞ የሚበሰብሰው።

ምሰሶው፦ እዚህ ላይ አትሰስቱ

ይህ ተክል ራሱን ችሎ አይቆምም። ሲያድግ ከላይ እንደ ጃንጥላ ይንዠረገግና ብዙ ኪሎ ይመዝናል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ቁራጩን ይተክልና ምሰሶውን ኋላ ያስባል። ኋላ ስትተክሉት ሥሩን ትወጋላችሁ። ምሰሶው መቅደም አለበት።

አጣና ርካሽ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚጀምረው በሱ ነው። እኔም ጀምሬ ነበር። እርጥብ አፈር ውስጥ ቆሞ በሁለተኛው ክረምት ከሥሩ በሰበሰ፣ ምስጥም ገባበት። ተክሉ ደግሞ ያን ጊዜ ነው ለማበብ የሚደርሰው። ወድቆ ያገኘሁት ጠዋት አልቅሻለሁ። ብየዳ ቤት የሚሠራው የፌሮ ምሰሶ አይበሰብስም፤ ግን ቀጭን ስለሆነ ሥሮቹ የሚይዙት የላቸውም፣ ፀሐይም ያግለዋል።

አሁን የምጠቀመው፣ ለሁሉም የምጠቁመውም፣ ባለ 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ቱቦ ነው። ሁለት ሜትር አስቆርጡ። ውስጡ ፌሮ አቁማችሁ በሲሚንቶ ሙሉት። ግማሽ ሜትር ያህሉ በርሜሉ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህሉ ከላይ ይቀራል። ቱቦው ለስላሳ ስለሆነ አሮጌ የቃጫ ጆንያ ጠምጥማችሁ በሲባጎ እሰሩት፤ ሥሮቹ እሱን ቆንጥጠው ይወጣሉ። ሠፈራችሁ ያለ ግንበኛ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ጫፉ ላይ ቅርንጫፎቹ የሚንተራሱት ክብ ነገር ያስፈልጋል። በርጩማ የሚሠሩት የጅማ አናጢዎች ከዋንዛ መስቀለኛ ሊሠሩላችሁ ይችላሉ፤ የኔ አንደኛው የነሱ እጅ ነው፣ ያምራል። ሁለተኛው ላይ ግን ያረጀ የባጃጅ ጎማ ነው ያደረግኩት። ጎሚስታ ቤት ጠየቅኩ፤ ልጁ "እናቴ፣ ይሄማ የሚጣል ነው፣ ውሰጂው" ብሎ ሰጠኝ። ጎማውን የሚሸከም የፌሮ መስቀል ብቻ አስበየድኩ። ለውበት የአናጢው፣ ለጥንካሬ ጎማው። ክብደት ሲመጣ ጎማው ቅርንጫፉን አይቆርጠውም።

አተካከሉ ራሱ ቀላል ነው። ቁራጩን ጥላ ቦታ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን አድርቁት፤ የተቆረጠበት ጫፍ ነጭ ሆኖ መጠገግ አለበት። አምስት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ቅበሩት፣ በጨርቅ ቅዳጅ ምሰሶው ላይ እሰሩት። ሳምንት ያህል ውሃ አታጠጡት፤ ከዚያም አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ትንሽ ትንሽ። ወቅቱ ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ አልቋል፣ መሬቱም ገና አልቀዘቀዘም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከቀትር ፀሐይ አስጠልሉት። አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ብቻ ተዉ፤ ጎን ለጎን የሚወጣውን ቁረጡ። ጎማው ጋ ሲደርስ ጫፉን ቀንጥሱት፤ ያን ጊዜ ቅርንጫፍ አውጥቶ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የሚያብበው የተንጠለጠለው ነው። ክረምት ላይ ማታ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ቀንድ አውጣ ልቀሙ፤ አዲሱን ቡቃያ ይበላል።

አበባው

ለዚህ ሌሊት ብላችሁ ብቻ ብትተክሉት አትጸጸቱም። እንቡጡ ሲያብጥና ጫፉ ሲነጣ በየማታው ተመልከቱት። አበባው ሲመሽ መከፈት ይጀምራል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ርዝመቱ ከስንዝር የሚበልጥ፣ ነጭ፣ ግቢውን የሚያውድ። ጠዋት ይከስማል። አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

በአገሩ የሌሊት ወፍና የእሳት እራት ናቸው የአበባ ዱቄቱን የሚያዳርሱለት። እኔ እነሱን አልጠብቅም። የልጆች መሳያ ብሩሽና የቡና ሲኒ ይዤ እወጣለሁ። ቢጫውን ዱቄት ሲኒው ውስጥ አራግፋለሁ፤ ከዚያ መሐል ላይ ወጣ ብሎ እንደ ኮከብ የተከፈለውን ጫፍ በብሩሽ እቀባዋለሁ። ነጩና ቀዩ አብረው ካበቡ አቀያይራለሁ። በሳምንቱ የአበባው ሥር አረንጓዴ እንደሆነ ካበጠ ይዟል ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ ይረግፋል። የያዘው ከ30 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ መቅላት ይጀምራል። እንደቀላ አትቅጠፉት፤ ጥቂት ቀን ታገሱት። እንደ ሙዝ ቤት ተቀምጦ አይበስልም።

ከክረምት በኋላ የኔን ሁለቱንም እገርዛለሁ። ከነጩም ከቀዩም ቁራጭ ይተርፈኛል። ቅርብ ያላችሁ ምሰሶውን አስቀድማችሁ አቁሙና መጠቅለያ ጋዜጣ ይዛችሁ ኑ።