አፕ ልታሠሩ ነው? ለዴቨሎፐር ከመክፈላችሁ በፊት (ጥቆማ)

ሰሞኑን በኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «አፕ ላሠራ ነው፣ ጎበዝ ዴቨሎፐር ጠቁመኝ።» እጠቁማለሁ፣ ችግር የለም። ግን መጀመሪያ ዴቨሎፐሩ ጋ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ እንነጋገር። ብሩ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ካዛንቺስ ለነበረች አንዲት ፀጉር ቤት የቀጠሮ አፕ ስንሠራ ነው። ኮዱን የጻፈው ጓደኛዬ ነው። ዝግጅቱ የእኔ ኃላፊነት ነበር። አፑ በተለቀቀ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንዲት ደንበኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከች አለች። ስልኳን አውጥታ አሳየችን፤ «ቅዳሜ 3:00» ይላል። ልክ ናት። አፑ ግን 3:00 ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፣ ማለትም የእኛ 9 ሰዓት። ልጅቷ ሹሩባዋን ፈትታ መጥታለች፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ቀስ ብላ «እኔ እኮ ደብተሬ ላይ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ወረቀት ነው። 4 ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወረቀት ግዙ፣ በስልክ ልክ ቁረጡት፣ እያንዳንዱን ገጽ በእርሳስ ሳሉት። ከዚያ አፑን የሚጠቀመው ሰው ሥራው ላይ እያለ ሄዳችሁ አስነኩት። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እንደ አዲስ ስንጀምር እንዲህ ነው ያደረግነው። ባለቤቷ የደንበኛ ፀጉር ቀለም እየቀባች ነበር። ወረቀቱን ስዘረጋላት ሁለት እጇን አነሳችልኝ፤ ጓንት፣ ጓንቱ ላይ ቀለም። «በዚህ እጄ እንዴት ልንካው?» ለካ ሥራ ላይ ሆና ስልኩን የምትነካው በክርኗ ወይም በትንሿ ጣቷ ጫፍ ነው። እኔ በአንድ ገጽ ላይ ስድስት ትንንሽ በተን ደርድሬላታለሁ። ወረቀቱን ገልብጬ አንድ ትልቅ «ቀጣይ ደንበኛ» የሚል ብቻ ሳልኩ። ይህን ኮድ ከተጻፈ በኋላ ብናውቀው ስንት ቀን እንደሚበላ ዴቨሎፐር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

ፊግማስ (የአፕ ገጽ በኮምፒውተር የሚሳልበት ፕሮግራም)? ጥሩ ነው፣ ነጻው ፓኬጅ ለጀማሪ ይበቃል፣ ግን ከወረቀቱ በኋላ ይሁን። ፊግማ ላይ የተሠራ ነገር ስለሚያምር ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፣ «ደስ ይላል» ብሎ ያልፋል። በእርሳስ የተሳለውን ግን ማንም ሳይሳቀቅ ይተቸዋል።

ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። የአዲስ አበባ ሰው ጫማም፣ ቤትም፣ መኪናም በቴሌግራም ቻናል መግዛት ለምዷል። ሐሳባችሁን ሦስት ሳምንት እዚያ ሞክሩት። ቦት (በራሱ መልስ የሚሰጥ የቴሌግራም አካውንት) ቦትፋዘር በሚባለው የቴሌግራም አገልግሎት በነጻ ይከፈታል፣ ቀለል ያለ ትእዛዝ ለመቀበል ይበቃል። በቴሌግራም ማንም ያላዘዘውን ነገር አፕ አውርዶ ያዛል ብዬ አላምንም። ደግሞ ስልክ ጥሪን አትናቁት። ራይድን እዩት፤ በአፑ የታወቀ ሆኖም 8294 ደውሎ መኪና መጥራት ይቻላል። እናንተም ዕቅዳችሁ ውስጥ «አፕ የማይጠቀመው ደንበኛ በየት ይገባል?» የሚል መስመር ይኑር።

አማርኛውን አሁኑኑ አስቡበት። «ፀጉር» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «ጸጉር» የሚልም አለ። የአፑ መፈለጊያ ጸና ፀን፣ ሰና ሠን፣ ሀ፣ ሐና ኀን እንደ አንድ ካልቆጠረ ደንበኛው «ምንም አልተገኘም» ይባልና ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ነጻ ነው፣ በትንሽ ስክሪንም ይነበባል። የስልክ ቁጥር ሳጥኑ 09 ብቻ የሚቀበል ከሆነ በ07 የሚጀምሩትን የሳፋሪኮም ደንበኞች በር ላይ መለሳችኋቸው ማለት ነው። ስም ስትጠይቁ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በሉ። ጳጉሜንንም አትርሱ፤ ቀን መምረጫው 12 ወር ብቻ ካለው የጳጉሜን ቀጠሮ የት ይገባል? ሰዓት ላይ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ በቃል ይጻፍ።

ወደ ክፍያ ስንመጣ። ብዙ የሚከራከሩበት ይህ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ደንበኛችሁ ስልክ ላይ የመኖሩ ዕድል ከሁሉም ይበልጣል፤ አንድ ብቻ ምረጡ ካላችሁኝ እሱን እላለሁ። ኤምፔሳ በ2015 መጨረሻ ላይ ገባ፣ የሳፋሪኮም መስመር የያዘ ወጣት ደንበኛ ካላችሁ አስፈላጊ ነው። ከሁሉም ጋር ለየብቻ ከመነጋገር ግን እንደ ቻፓ ወይም ሳንቲምፔይ ያለ የክፍያ አገናኝ ይቀላል፤ አንዴ ታገናኙትና ደንበኛው የፈለገውን ይመርጣል። ቻፓን የምወድለት አፑን ከእሱ ጋር የሚያገናኝ፣ ለሙከራ ብቻ የሚሆን ቁልፍ (የሚስጥር ኮድ) ስላለውና የዴቨሎፐር መመሪያው ግልጽ ስለሆነ ነው፤ እውነተኛ ብር ሳይንቀሳቀስ ሁሉን ትሞክራላችሁ። ለዚህም በየግብይቱ ኮሚሽን ትከፍላላችሁ፤ ትርፋችሁ ስስ ከሆነ መጀመሪያ አስሉት። የትኛውንም ብትመርጡ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ትጠየቃላችሁ። አፑ አልቆ ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። የፈቃዱን ጉዳይ ኮድ ከመጀመሩ በፊት አስጀምሩት።

ማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ለመላክ አፍሮሜሴጅና ግዕዝ ኤስኤምኤስ አሉ፤ ሁለቱም በብር ይከፈላሉ፣ ከአፕ ጋር ይያያዛሉ። ሁለቱንም በትንሽ ብር ሞክሩና በቴሌም በሳፋሪኮምም ቁጥር ኮዱ በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ ራሳችሁ ቁጠሩ። ሰርቨር (የአፑ መረጃ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ ጥያቄው የዶላር ካርድ አላችሁ ወይ ነው። ካላችሁ የውጭዎቹ ምርጫቸው ሰፊ ነው። ከሌላችሁ ወይም ካርዱ የዘመድ ከሆነ የኢትዮ ቴሌኮምን ቴሌክላውድ ጠይቁ፣ በብር ነው። በሰው ካርድ የሚኖር ሰርቨር አንድ ቀን ክፍያው ሳይፈጸም ቀርቶ አፑ ሲዘጋ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ካርታ ለሚፈልጉ፦ ጉግል ማፕ ሰው ለምዶታል ግን እሱም ካርድ ይጠይቃል፤ ኦፕን ስትሪት ማፕ ነጻ ነው፤ የአገር ውስጡን ገበታ ማፕስንም እዩት። የትኛውም ቢሆን «ከቶታሉ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው በር» የሚጻፍበት ሳጥን ጨምሩ። ፀጉር ቤቷ ከካዛንቺስ ስትነሳ አድራሻዋ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ስለነበር አፑ ሳምንት ሙሉ ደንበኛ ወደ ፈረሰ ሰፈር ላከ። የሚቀየር ነገር ሁሉ ባለቤቱ ራሱ የሚቀይረው ይሁን።

አሁን ዴቨሎፐር። ሦስት ዓይነት አለ። ተማሪ ወይም አዲስ ተመራቂ ዋጋው ቀላል ነው፣ ጉጉቱም አለ፣ ፈተና ሲደርስ ግን ይጠፋል፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ጥሩ ነው። ልምድ ያለው ፍሪላንሰር ለእንደኛ ዓይነት ሥራ ከሁሉም ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ የለቀቃቸውን ሁለት አፖች ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ካያችሁ በኋላ። ካምፓኒ ውድ ነው፣ ግን አንዱ ሲለቅ ሌላ ይተካል፣ ደረሰኝም ይሰጣል። ከሁሉም ጋር የጽሑፍ ውል ይኑር፦ ሶርስ ኮዱ (ዴቨሎፐሩ የጻፈው ኮድ) የማን ነው፣ ፕሌይ ስቶር አካውንቱ በማን ስም ነው፣ ከተለቀቀ በኋላ ስንት ወር ያስተካክላል። ክፍያው በሥራ ደረጃ ይከፋፈል። አንድ የማውቀው ሰው ሙሉውን ቀድሞ ከፍሎ፣ አካውንቱም በዴቨሎፐሩ ስም ስለነበር፣ ሲጣሉ የራሱን አፕ ማደስ አቃተው። ደንበኛ መረጃውን የሚሰጠው ለእናንተ ስለሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ንም አንብቡ። የማያስፈልጋችሁን መረጃ አትጠይቁ። ለፀጉር ቀጠሮ የልደት ቀን ምን ያደርጋል?

ፕሌይ ስቶር ላይ ብዙ ሰው የሚደናገጠው መጨረሻ ላይ ነው። ምዝገባው 25 ዶላር ነው፣ አንዴ ብቻ። ከኖቬምበር 2023 አጋማሽ ወዲህ የተከፈተ የግል አካውንት ከሆነ ግን አፑን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን እንዲሞክረው ይጠየቃል። 12ቱን ሰዎች ዛሬ ጻፏቸው። የእህት የወንድም ስም ብቻ አይሁን፤ እውነተኛ ደንበኛ ይኑርበት። በድርጅት ስም ከሆነ ይህ ሙከራ ይቀራል፣ ግን ደንስ (D-U-N-S) የሚባል የድርጅት መለያ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ያስፈልጋል።

ቦታ ለጠየቃችሁኝ፦ ለብቻ ቁጭ ብሎ ለማሰብና ለመጻፍ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። በእርሳስ የሳላችሁበትን ወረቀት ለማታውቁት ሰው ለማሳየት ደግሞ ፒያሳ ቶሞካ ቡና ቤት። ሰው ቆሞ ነው ቡናውን የሚጠጣው፣ አጠገባችሁ ያለውን «ይቅርታ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» ብትሉት እምቢ የሚል አልገጠመኝም። ሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልገባው ገጽ ካለ ገጹን ቀይሩት።

ተጨማሪ፦ ስለ አይፎን ለጠየቃችሁኝ። የአፕል ምዝገባ 99 ዶላር በየዓመቱ ነው፣ ለመሥራትም ማክ ያስፈልጋል። ደንበኛችሁ ምን ስልክ እንደያዘ አንድ ቀን በር ላይ ቆማችሁ ቁጠሩ። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ስቆጥር አብዛኛው ቴክኖና ሳምሰንግ ነበር፣ ስለዚህ በአንድሮይድ ጀመርን። ሁለቱም የግድ ከሆነባችሁ ዴቨሎፐሩን ፍላተር (በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም የሚሠራበት መሣሪያ) ይችል እንደሆን ጠይቁት።

መሞከሪያ ስልክ ላይ፦ በራሳችሁ አዲስ ስልክ ብቻ አትሞክሩ። ሚሞሪዋ የሞላ፣ ስክሪኗ የተሰነጠቀ፣ ያገለገለች ርካሽ ቴክኖ ፈልጉ። ዳታውን አጥፍታችሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ፣ ፀሐይ ላይ ይዛችሁ እዩት። እኔ ጋ አንዲት አለች። 4 ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ላላችሁ ለአንድ ሳምንት አውሳችኋለሁ፣ ቻርጀሯ ግን ስለሚላቀቅ እንዴት ሰክታችሁ እንደምታስቀምጡት አሳያችኋለሁ።