የእንቁጣጣሹ የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛ፦ 600 ዶላሩ ይፈቀድ?

(አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው እድራችን የቡድን መልእክት፤ አንዳንዱ የተጠራው በሚኖርበት ሰፈር ነው።)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። በእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛ እናቁም። ወጪው ከእድሩ ካዝና 600 ዶላር። ሲልቨር ስፕሪንግን ሞልተናት ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ዘንድ ስንሄድ «ስንቶቻችሁ ትመርጣላችሁ?» ሲሉን መሬት መሬት ማየት ይብቃን። ለተመዘገበ ሁሉ ቡና ከነቁርሱ በነፃ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያ ገንዘብ ለለቅሶ የተዋጣ ነው። ድንኳኑ ተቀዶ ምን ምርጫ?

የዊተኑ፦ «ለተመዘገበ ቡና» የሚለው ይሰረዝ። ሰው እንዲመዘገብ ከፍሎ መገኘት በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት እስር ወይም እስከ 10,000 ዶላር ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል። ቡናም ክፍያ ነው የሚል አይጠፋም።

የቡና ኮሚቴዋ፦ ቡና ጉቦ ሆነ? ስንት ዓመት ሳፈላላችሁ ማንን ገዝቼ ነው?

የዊተኑ፦ እትዬ፣ ቡናዎን ማን ነካው? «ለተመዘገበ» የሚለው ቃል ነው ችግሩ። ለመጣው ሁሉ ይቀዳ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሁሉማ ከሆነ 600 የት ይደርሳል!

የጀርመንታውኑ፦ ደም ስንሰጥ ጁስ ይሰጡን የለ? ታሰሩ?

የዊተኑ፦ ደምና ድምፅ አንድ ነው?

የጀርመንታውኑ፦ አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ጠበቃ ነህ።

የቡና ኮሚቴዋ፦ እኔ ጀበናዬን ይዤ ወጥቻለሁ። ሌላ ፈልጉ።

ጸሐፊ፦ ኧረ በማርያም! ስለ ቡና ስንጨቃጨቅ ማን መመዝገብ ይችላል የሚለውን ያነበበ አለ?

የታኮማዋ፦ እኔ አንብቤዋለሁ፣ ጎዶሎ ነው። ከኛ ውስጥ ግሪን ካርድ ላይ ያለው ስንቱ ነው? የሜሪላንድ ፎርም ለሲቲዝን ብቻ ነው። ሳያውቅ «ዜጋ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ኋላ ለዜግነት ሲያመለክት ጉድ ይፈላል። እዚያ ላይ «ለመምረጥ ተመዝግበህ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቁታል። ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል።

የጀርመንታውኑ፦ አንቺ በግሪን ካርድ መረጥኩ ስትዪ አልነበር?

የታኮማዋ፦ ታኮማ ፓርክ ነዋ! ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከንቲባና ለከተማ ምክር ቤት ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ይመርጣል። የተመዘገብኩትም በከተማው ነው እንጂ በስቴቱ ፎርም አይደለም። አንተ ጀርመንታውን ተቀምጠህ እንዳትሞክራት።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ልጆቹስ? ዜጋ ከሆኑ ከ16 ዓመት ጀምሮ መመዝገብ ይችላሉ፤ በዋናው ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት 18 ሲሞላቸው ነው። የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ያለው በስልኩ ይጨርሳል። እኔ አስተባብራቸዋለሁ።

ጸሐፊ፦ ጎሽ! ስንት ልጅ ልያዝ?

ጸሐፊ፦ የወጣቶች ተጠሪ፣ አለህ?

ጸሐፊ፦ ሦስት ቀን ሆነ እኮ።

የጌይተርስበርጉ፦ ኡበር ላይ ነው፣ አያየውም። የምዝገባው ቀን ቢያልፍብንስ?

የዊተኑ፦ መደበኛው ከምርጫው 21 ቀን በፊት ይዘጋል። ያመለጠው አድራሻውን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ምርጫ ጣቢያው ላይ መመዝገብ ይችላል።

የጌይተርስበርጉ፦ ታዲያ ምን አስቸኮለን?

የቡና ኮሚቴዋ፦ ልጄ አስረዳችኝ። ለሁሉም ከሆነ አፈላለሁ። ግን ጠረጴዛችሁ ከረከቦቴ ይራቅልኝ።

የዊተኑ፦ ይቅርታ እትዬ። ስኳሩ በኔ።

ገንዘብ ያዥ፦ የተስተካከለው ረቂቅ፦ ቡና ለሁሉም 250፣ የድንኳን ጥገና 350። ጠረጴዛው ታጣፊዋ ትበቃለች። «ሲቲዝን ያልሆነ አይፈርምም» የሚል ወረቀት በአማርኛ ይለጠፍባት።

ጸሐፊ፦ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠውስ ማነው?

የታኮማዋ፦ ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ። ዕለቱን ግን ሥራ ነኝ።

የጀርመንታውኑ፦ እኔም።

ገንዘብ ያዥ፦ ድንኳኑን የሚሰፋው ሰውዬ ቅዳሜ ይመጣል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?