ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ተሰብስበን ግማሻችን ታመምን፤ የገናውን ድግስ እንተወው?

ጥያቄ፦ የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የታኅሣሥን የደሴ ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከመሸ ደጅ መቆም አይታሰብም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእነጓደኞቼ ጋር እኛ ቤት እንሰበሰባለን። ኳስ አለ፣ ካርታ አለ፣ በረካው ሳይጠጣ የሚነሳ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ከነልጆቹ 14 ነበርን። ሳሎኗ አራት በአምስት ሜትር ናት። ያላት አንድ መስኮት ነው፤ እሱም መስታወቱ ከተሰበረ ጀምሮ በአሮጌ ሹራብ ተወትፏል። ከሰሉን መሐል አድርገን፣ በሩን ዘግተን ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቆየን።

2 ሰዓት አካባቢ ሁለት ሴቶች ራሳችንን አመመን አሉ፤ አንዷን አስመለሳት። ደጅ ወጥተው ሲናፈሱ ተሻላቸው። እኔም ያሳመማቸው ወጡ ነው ብዬ በባለቤቴ ላይ ቀለድሁ፤ እስካሁን አልታረቅንም። ሰኞና ማክሰኞ ግን ሌላ ነገር መጣ። ስድስት ሰው በትኩሳት፣ በደረቅ ሳልና በቁርጥማት ተኛ፤ አንዱ የአራት ዓመት ልጅ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ያን ቀን ጓዳ ስለነበረች እስካሁን ደህና ናት።

ሌላም አለ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም፣ ከወር በላይ እየሳለ ነው። ሲጠየቅ “ብርድ ነው” ይላል።

ገና ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። 20 ሰው ጠርቻለሁ፤ በጎቹም (አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለሙስሊሙ) ተገዝተዋል። እንሰርዘው? ካለፈው የተረፈ አሞክሲሲሊንስ አለኝ፤ ለታመሙት ላካፍላቸው?

መልስ፦ ዳማከሴ (ደሴ)

ልጄ፣ ብርድ መትቷችሁ ነው። ዳማከሴ ጨምቁ፣ ዝንጅብል በማር አፍሉ። ድግስ በጉንፋን ሲሰረዝ አይቼ አላውቅም። እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግሁት በዳማከሴ ነው።

መልስ፦ ነጭ ጋዋን (ደሴ፣ ነርስ)

ዳማከሴውን አልነቅፍም፤ ሽታው ብቻውን ደስ ይላል። ነገር ግን ወንድሜ፣ የጻፍከው ሁለት የተለያየ ነገር ነውና አንድ ላይ አትቁጠረው።

በዚያው ማታ የመጣው ራስ ምታትና ማስመለስ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ አይመስለኝም፤ ከሰሉ ነው። በታፈነ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሴቶቹ ደጅ ሲወጡ የተሻላቸው ለዚህ ነው። እንቅልፍ ወስዷቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምታወራን ስለ ለቅሶ ነበር። ባለቤትህን ይቅርታ ጠይቅ።

ሰኞና ማክሰኞ የመጣው ግን ኢንፍሉዌንዛ ይመስላል። ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ የሚወጣው ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ቅዳሜ ተይዞ ሰኞ መውደቅ ከሒሳቡ ጋር ይገጥማል። የሚያስቸግረው፣ ሰውየው ሕመሙ ሳይሰማው ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ማስተላለፉ ነው። ስለዚህ “ማን አመጣው” የሚለውን ክርክር ተዉት። ከታመሙ በኋላም ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ያህል ያስተላልፋሉ፤ ሕፃናት ከዚያም ሊያልፉ ይችላሉ።

ልጁን በዓይናችሁ ጠብቁት። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት እምቢ ካለ ወይም ከፈዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። እናትህም ትኩሳት ከጀመራት “ነገ እናያለን” አይባልም። ስኳር ያለበትን አረጋዊ ኢንፍሉዌንዛ በቀላሉ ወደ ሳንባ ምች ይወስደዋል።

መልስ፦ ከሐረጎ በታች (ኮምቦልቻ)

እትዬ ዳማከሴ፣ ነገሩ ብርድ ቢሆን ኖሮ እኛ ምን አገኘን? ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ሆኖም በሰፈራችን ኳስ ማሳያ ቤት ተጠጋግተው ያመሹ ልጆች በዚሁ ሳምንት ወድቀዋል። ብርድ በር ያዘጋል እንጂ ጉንፋን አይወልድም። የሚያጋባው የተዘጋው በር ነው።

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ለምን እንደሚቃጠል ታስታውሳላችሁ? በ1911 ዓ.ም. ያ ዓለምን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ስንቱን ሲፈጅ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነው የተረፉት። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ያኔ አየሩ እንዲነጻ ጢሱ ደጅ ታጠነ፤ እኛ ደግሞ ከሰሉን ሳሎን አስገብተን በር ዘጋንበት!

መልስ፦ ዳማከሴ

ቆላ ተቀምጦ ስለ ደጋ ብርድ መናገር ቀላል ነው።

መልስ፦ ከሐረጎ በታች

ወይና ደጋ ነው እትዬ፣ ወይና ደጋ!

መልስ፦ የፋርማሲው ጥግ (ኮምቦልቻ)

አሞክሲሲሊኑን ለማንም አትስጥ። ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ቫይረስ ነው። “የተረፈ” ማለትህ ራሱ ያኔም እንደታዘዘልህ አልጨረስከውም ማለት ይሆናል፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ለጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየስድስት ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ “የጉንፋን” ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን ደርቦ የሚውጥ መጠኑን ሳያውቀው ያልፋል። የልጁ በክብደቱ ይሰላል፤ አስፕሪን ግን ለልጅ በፍጹም። “ጠንከር ያለ መርፌ የለህም ወይ?” የሚለኝን ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደምመልስ እኔ ነኝ የማውቀው።

መልስ፦ ስድስት ወር (ደሴ)

ሁላችሁም ያን የሚስለውን ሰው ዘለላችሁት። እኔም “ብርድ ነው” እያልሁ ሁለት ወር ከረንቡላ ቤት አምሽቻለሁ። ሌሊት አንሶላዬ በላብ ይርስ ነበር፤ በደሴ ውርጭ! ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ሲገባ ባለቤቴ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጡኝና “ምራቅ አይደለም የምንፈልገው፤ ደጅ ወጥተህ፣ ከደረትህ ስበህ አውጣ” አሉኝ። ቲቢ ነበር።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ ማስመርመር ነው። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል፤ የተለመደው ዓይነት ስድስት ወር ይፈጃል። እኔ በሁለተኛው ወር ድኛለሁ ብዬ ላቆም ነበር፤ በሽታው መድኃኒቱን እንዲላመድ የሚያደርገው ይኸው ማቋረጥ እንደሆነ የነገረችኝን ነርስ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። የሁለት ዓመት ልጄ አልታመመችም፤ ቢሆንም ተመርምራ የመከላከያ መድኃኒት ወስዳለች።

ቲቢ በአየር እንጂ በስኒ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ስለዚህ ሰውየውን ስኒ ለይታችሁ አታሸማቅቁት። በሰው ፊትም አትንገሩት፤ አንዳችሁ አብራችሁት ሂዱ።

መልስ፦ የጦሳ ግርጌ

እግዜር ይስጣችሁ። የከሰሉ ነገር አስደነገጠኝ። ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በከፊል ተቀብላኛለች። የጓደኛዬን ወንድም “ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ አብረን እንታይ” ስለው እምቢ አላለም። አክታ ሰጥቶ ውጤት እየጠበቀ ነው። ልጁ ትኩሳቱ ለቆታል።

ገናን አልሰረዝነውም፤ ከማታ ወደ ቀን አዞርነው። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ። ወንበር ከእድር ተዋስን። ያልተሻለው ምሳው እቤቱ ይላክለታል። ጉርሻውስ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ ነጭ ጋዋን

ዘንድሮ ሁሉም ለራሱ ይጉረስ፤ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳሙም ይቅር። እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ውሃ ማንጠባጠብ አይበቃም። ቡናውም እዚያው ግቢ ይፈላ። እናትህ ከልጆቹ ራቅ ብላ ፀሐይዋ የምትቆይበት ጥግ ትቀመጥ። ጥላው ሲመጣ “ወደ ሳሎን እንግባ” የሚል አይጠፋም፤ ያኔ ሁሉም ወደየቤቱ።

መልስ፦ ዳማከሴ

ያለ ጉርሻ ገና! ይሁን እሺ። ዳማከሴው ግን ከእኔ ይወሰድ፤ ግቢዬ ሞልቷል።

መልስ፦ የጦሳ ግርጌ

እመጣለሁ እትዬ። ሌላ ዜና፦ መስኮቱ ዛሬ አዲስ መስታወት ገባለት፤ አሁን ይከፈታል። የተወተፈው ሹራብ ሲወጣ የእኔው ሆኖ ተገኘ። ሦስት ዓመት ስፈልገው፣ ባለቤቴም “አላየሁትም” ስትል ነበር።