የክፍያ ኤስኤምኤስን ወደ ድረ ገጽ ማምጣት አልቻልኩም

ሰላም ወገኖች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብራቸውን የሚቆጣጠሩበት ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ሰርቨሩ በጃንጎ፣ ገጹ በሪአክት ነው። በተለይ ያሰብኩት ለነን ካፌ ተማሪዎች ነው፤ ማለትም በግቢው ካፌ መብላት ትተው የምግቡን ብር በየወሩ ለሚቀበሉት። ወርሃዊዋ ብር ትገባለች፤ ሽሮው፣ ፎቶ ኮፒውና የኢንተርኔት ፓኬጁ ቀስ በቀስ ይጨርሷታል። ወሩ ሳያልቅ ምሳ የሚዘል ተማሪ አለ። ይሄ ከልቤ ያሳስበኛል።

ችግሩ፣ ወጪን በእጅ መመዝገብ ያሰለቻል። የሞከሩልኝ ልጆች ጥቂት ቀን ጽፈው ተዉት። አብዛኛው ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ስለሆነ ማረጋገጫው በኤስኤምኤስ ይመጣል። ስለዚህ መልእክቱን ኮፒ አድርገው እንዲለጥፉ አደረግኩ። እዚህ ጋ ኮዱ ተምታታ። የተከፈለው ብር፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ የ15 በመቶ ቫቱና ቀሪ ሂሳቡ አንድ መልእክት ውስጥ ተደርድረው ይመጣሉ። የ100 ብር ምሳ የከፈለች ልጅ፣ ቀሪ ሂሳቧ በሙሉ ወጪ ተብሎ ተመዘገበባት! ለየተቋሙ የተለየ ሬጄክስ (ከጽሑፍ ውስጥ የተፈለገውን ክፍል በቅርጹ ለይቶ የሚያወጣ ቀመር) ጽፌ ይሄኛው ተስተካክሏል።

ኮፒ ማድረጉ ግን አሁንም ያታክታቸዋል። ብሮውዘር ደግሞ ኤስኤምኤስ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ማንበብ አይችልም። አፕ ሠርቼ የሰውን መልእክት ሁሉ ለማንበብ ፈቃድ መጠየቅ አልፈልግም፤ አይፎን ላይም አይሆንም።

ተማሪው ያን አንድ መልእክት ብቻ ነክቶ «አጋራ» ሲል በቀጥታ ወደ ድረ ገጹ እንዲገባ፣ ያውም በርካሽ አንድሮይድ ስልክ፣ እንዴት ማድረግ እችላለሁ?