የአባቴ ማካሮቭ ዛሬም በየቀኑ ይታጠቁታል?

የእህል ነጋዴው (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። አዳማ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ እህል ንግድ ነው። ከዴራና ከኢተያ ስንዴ እያነሳሁ መጋዘን አስገባለሁ። አባቴ ሲያርፍ አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ ትቶልኛል። ፈቃዱን በስሜ አዙሬዋለሁ፤ ወረቀቱ ንጹህ ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ስለ ዕቃው ነው።

ሽጉጡ የደርግ ጊዜ ነው። ጎኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት ያለበት ምልክት አለው። እጀታው ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ኮከብ አለበት። አፈሙዙ አካባቢ ጥቁር ቀለሙ ለቆ ነጣ ብሏል። ካዝናው አንድ ብቻ ነው፤ 8 ጥይት ይይዛል። እስካሁን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው የኖረው።

አሁን ግን አምሽቼ ስመለስ መንገዱ አላማረኝም። በየቀኑ ልታጠቀው አሰብኩ። እንደምታውቁት አዳማ ሙቀት ነው፤ ጃኬት ለብሶ መዋል አይታሰብም። ሸሚዝ ብቻ ነው የምለብሰው። ጓደኞቼ «ይሄ የሙዚየም ዕቃ ነው፣ ሽጠህ አዲስ የቱርክ ያዝ» ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ ማካሮቭ አያረጅም ባይ ነው። የምታውቁ ሰዎች ቁርጡን ንገሩኝ። ለየቀኑ ይሆናል ወይስ አይሆንም?


ባለ ግሎክ

ወንድሜ፣ ቁርጡን ካልክ ይኸው። 8 ጥይት ዛሬ ትንሽ ነው። ግሎክ 19 የሚባለው ሽጉጥ 15 ጥይት ይይዛል፤ አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ባዶውን 600 ግራም ገደማ ነው። ማካሮቭህ ባዶውን 730 ግራም ነው። ካዝና መቀየሩም ሌላ ጣጣ ነው። የአዲሶቹ በአውራ ጣት ተጭነህ ይወድቃል፤ የማካሮቭ መያዣው እጀታው ግርጌ ስለሆነ በሌላኛው እጅህ ገፍተህ ነው የምትስበው። አባትህን አክብረህ አስቀምጠው፤ ለሥራ ግን ሌላ ፈልግ። የቱርኮቹም በዋጋ አይከፉም።


የግምጃ ቤቱ ሰው (አዳማ)

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እኔ በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ወጥቼ እዚሁ አዳማ ነው ያለሁት። ማካሮቭ ስፈታና ስገጥም ነው ዕድሜዬ ያለፈው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብህ ነው።

ይህን ሽጉጥ የነደፈው ኒኮላይ ማካሮቭ ነው። የሶቪየት ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። የነገርከን ምልክት የኢዥቭስክ ፋብሪካ ነው፤ ጥሩ እጅ የሠራው ነው ማለት ነው። ወደኛ በብዛት የገባው በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከሶቪየቶች ጋር ከተወዳጀን ወዲህ ነው። መኮንኖች ነበሩ የሚታጠቁት። አፈሙዙ ላይ ቀለሙ መልቀቁ አያሳስብህ። ከማህደሩ ሲወጣና ሲገባ የሚመጣ ነው። ብረቱ ካልተቦረቦረ ሽጉጡን አይጎዳውም።

የሚያረጀው ሞላው ነው። ማካሮቭ ሲተኮስ የላይኛውን ብረት በቦታው ቆልፎ የሚይዝ ነገር የለም። የሚያቆየው የራሱ ክብደትና በርሜሉ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ብቻ ነው። ሞላው ከደከመ የላይኛው ብረት ወደኋላ በኃይል ይሄድና አካሉን ይደበድባል። ውሎ አድሮ ይሰነጥቀዋል። የካዝናው ሞላም እንደዚሁ ነው፤ ለዓመታት በጥይት ታጭቆ ከኖረ ጥይቱን በወጉ ወደ ላይ ላይገፋ ይችላል። መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን አሳይ። ስትገጥም ደግሞ የበርሜሉ ሞላ ጠበብ ያለው ጫፉ ወደ በርሜሉ ሥር እንደሚገባ አትርሳ። ተገልብጦ የተገጠመ ብዙ አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ ነው። በማካሮቭ ውስጥ ይህ መርፌ ወደኋላ የሚስበው ሞላ የለውም። ቦይው ውስጥ እንደልቡ ይመላለሳል። ሽጉጡን ባዶ አድርገህ፣ ሴፍቲውን ከፍተህ ጆሮህ አጠገብ ብትነቀንቀው ቀጭ ቀጭ ሲል ትሰማዋለህ። ጤናማ መሆኑን የምታውቀው በዚያ ነው። ካልሰማህ ታፍኗል ማለት ነው። የሚያፍነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው በደግነት የሚያፈስበት ዘይት ነው። የእኛን ከተማ አቧራ ታውቀዋለህ። አቧራና አሮጌ ዘይት ሲገናኙ እንደ ሊጥ ይሆናሉ። መርፌው ወደፊት እንደወጣ ከተጣበቀ ገና ጥይቱን ስታጎርስ፣ ቃታ ሳትነካ ሊባርቅብህ ይችላል። ስለዚህ የመርፌው ቦይ ታጥቦ ደረቅ ይሁን። ዘይት የሚቀባው ውጭውንና ብረት ከብረት የሚፈተግበትን ብቻ ነው፤ እሱም ስስ ሆኖ።

አሁን ቤትህ ሆነህ የምታደርገውን ልንገርህ። ካዝናውን አውጣ። የላይኛውን ብረት ስበህ ጥይት አለመጉረሱን በዓይንህም በትንሿ ጣትህም አረጋግጥ። ጥይት የሚባል ሁሉ ሌላ ክፍል ይሁን። አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገህ እርሳስ ክተትበት፤ ላጲስ ያለበት ጫፍ ወደ ታች ይግባ። ሴፍቲውን ክፈትና ቃታውን ሳብ። መርፌው ጤነኛ ከሆነ እርሳሱ ተፈናጥሮ ይወጣል። ደካማ ዝላይ ከዘለለ የመዶሻው ሞላ ወይም መርፌው ችግር አለበት። ቀጥለህ መዶሻውን ወደኋላ ጎትተህ አቁመው፤ እርሳሱን መልሰህ ክተትና ሴፍቲውን ወደ ላይ ግፋ። የማካሮቭ ሴፍቲ ሲቆለፍ መዶሻውን ራሱ ያወርደዋል። መዶሻው ሲወርድ እርሳሱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ካለ ግን ያ ሽጉጥ ጥገና ሳያይ ወገብህ ላይ እንዳይውል። ሴፍቲው ወደ ታች ሲሆን ቀይ ነጥብ ይታይሃል፤ ቀይ ካየህ ክፍት ነው።

ጥይቱን በተመለከተ አንድ ነገር ስማኝ። የማካሮቭ 9 በ18 ነው። የግሎኩና የብዙዎቹ የቱርክ ሽጉጦች 9 በ19 ነው። ሰው «ሁለቱም 9 ነው» ብሎ ይሳሳታል። የቀለሁ ርዝመት በ1 ሚሊ ሜትር ይለያያል። ሳቢሳውም፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣው ጫፉ፣ አንድ አይደለም፤ የማካሮቩ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ወፍራም ነው፣ የሌላው 9 ሚሊ ሜትር ነው። ኃይላቸውም አይገናኝም። አንዱን በሌላው አትሞክር።

ባለ ግሎክ ያለው ካዝናና ክብደቱ እውነት ነው። ነገር ግን ማካሮቭ ጥይቱን በአንድ ረድፍ ስለሚይዝ ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግሎክ 19 ከ18 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በስስ ሸሚዝ ሥር ለመደበቅ የአባትህ ይሻላል። «የቱርክ ያዝ» የሚልህን ግን አትስማ። መንገድ ላይ የሚሸጠው ወረቀት የለውም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። አንተ ንጹህ ወረቀት ያለው ዕቃ ይዘህ ለምን ወደዚያ ትገባለህ? ደግሞ ቱርክ ውስጥ ለድምፅ ብቻ የሚሠሩ ሽጉጦች አሉ። አንዳንዱ አፈሙዙ ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ተደርጎ ይሸጣል። ብረቱ ለዚያ ግፊት አልተሠራም። እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

እንግዲህ «በየቀኑ» ወዳልከው ልምጣ። እኔ የምለየው እዚህ ላይ ነው። የአዳማን ውሎ አስበው። ጠዋት ባንክ ትገባለህ፣ ጥበቃው በር ላይ ይፈትሽሃል። ከደንበኛ ጋር ምሳ ለመብላት ሆቴል ትገባለህ፣ ፍተሻ አለ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቀበሌ። በየበሩ ሽጉጡን አውጥተህ ካዝናውን ነቅለህ ልታስረክብ ነው። ስትወጣ ደግሞ ሰው እያየህ መልሰህ ልትታጠቅ ነው። በዕድሜዬ ሲባርቅ ያየሁት ጥይት አብዛኛው የባረቀው በውጊያ አይደለም፤ ሲወጣና ሲገባ፣ ሲወለወልና ሲቀባበል ነው። ሽጉጥ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ በተነካካ ቁጥር አደጋው ይበዛል። ሸሽገህ ይዘሃል እንዳትል ደግሞ፣ በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ፍርዴ ይኼ ነው። ከተማ ውስጥ ለምትውልበት ቀን ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ። ዴራና ኢተያ ለምትሄድበት ቀን ሞላው ታይቶ፣ መርፌው ታጥቦ፣ ጥይቱ አዲስ ሆኖ ይሆንሃል። ቃታውን የሚሸፍን የቆዳ ማህደር አሠራ። ሱሪ ውስጥ ዝም ብሎ ሻጥ ማድረግን እርግፍ አድርገህ ተው። አጉርሰህ መዶሻውን በሴፍቲው ካወረድከው የመጀመሪያዋ ተኩስ ቃታው ረጅምና ከባድ ነው፤ ሁለተኛዋ ቀላል ናት። ይህን እጅህ ካላወቀው የመጀመሪያዋ ጥይት ወዳላሰብከው ትሄዳለች። ባዶውን እቤትህ ተለማመድበት። እስክትለምደው ጥይት ሳታጎርስ ያዘው።


የቡና ነጋዴ ሚስት (ሀዋሳ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኔም ባለቤት ሽጉጥ ይይዛል፤ ቡና ሊያነሳ አለታ ወንዶ ይመላለሳል። ከናንተ ላይ የምጨምረው ሁለት ነገር አለኝ።

እዚህ ሐይቁ ዳር እርጥበት አለ። ማታ ሲመለስ ሽጉጡን ከነማህደሩ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። ቆዳው ላቡን ይዞት ያድራል። ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ጎን ነጠብጣብ ዝገት አወጣ። አሁን ማታ ማታ ከማህደሩ አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ማህደሩ ለብቻው ይሰቀላል። ዝገቱ ቆሟል።

ሌላው ገንዘቡ ነው። ድሮ የሚያስፈራን ቦርሳው ነበር። አሁን ለገበሬውም ለሰብሳቢውም በቴሌብር ወይም በባንክ ነው የሚልከው። ኪሱ ውስጥ የነዳጅና የምሳ ብቻ ነው የሚይዘው። ይህንንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅ አድርጓል። ወንድሜ፣ ከኢተያ ስትመለስ መኪናህ ውስጥ ጥሬ ብር ከሌለ ግማሹ ስጋትህ ይቀላል። ልጆች ካሉህ ደግሞ የሳጥኑ ቁልፍ ካንተ ጋር ይሁን እንጂ ቁም ሳጥን አናት ላይ አይደለም። ልጅ የማያገኘው ቁልፍ የለም።


የእህል ነጋዴው (አዳማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሞከርኩት። እርሳሱ ጥሩ አድርጎ ዘለለ። ሴፍቲው ላይም ንቅንቅ አላለም። ስነቀንቀው ግን ድምፅ የለውም። አባቴ ሁልጊዜ ዘይት ያጠጣው ነበር፤ ያሉት ነው መሰለኝ። ሌላው ደግሞ ጥይቶቹ ናቸው። አባቴ የተወልኝ በጨርቅ የተጠቀለሉ ናቸው። አንዳንዶቹ ቀለሃቸው ላይ አረንጓዴ ነገር ወጥቶባቸዋል። ጠርጌ ልጠቀምባቸው?

እህቴ፣ ጥሬ ብሩን ነገር ልክ ነሽ። ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሬ በባንክ አደርገዋለሁ።


የግምጃ ቤቱ ሰው (አዳማ)

ድምፅ ከሌለው እርሳሱ ቢዘልም እንዳታጎርሰው። መርፌውን መዶሻው ወደፊት ገፍቶት፣ ወደኋላ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። መርፌውን የሚይዘው ራሱ ሴፍቲው ነው። ሴፍቲው ሲወጣ መርፌውም ይወጣል። ካልለመድከው ግን በጉልበት አትታገለው፤ የፈቃድህን ወረቀት ይዘህ ለሚያውቅ ሰው አሳየው።

ጥይቱን አትጥረገው። አረንጓዴው ናሱን እየበላው ነው፤ ከውስጥ ባሩዱ እርጥበት ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጥይት ሳቢሳውን በርሜሉ መሃል ጥሎት ይቀራል። ቀጥለህ ብትተኩስ በርሜሉን ያሳብጠዋል። ቆሻሻ ውስጥም እንዳትጥለው፣ ልጆች ያገኙታል። ፈቃድ ላወጣህበት ፖሊስ ጽሕፈት ቤት አስረክብ። በፈቃድህ የሚፈቀድልህን አዲስ ጥይትም እዚያው ጠይቅ። ከሰው እጅ አትግዛ።

ሞላውና መርፌው እስኪታዩ ድረስ ኢተያ ያለ ሽጉጥ ሂድ፣ በጊዜ ተመለስ።