ልጄ ምኗም አይደለም፤ ታዲያ በየአራት ሳምንቱ መርፌው ለምን?

ጥያቄ፦ እናት ከባቲ

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ሳል ይዟት ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ ቆየ፣ ቆየና «ኢኮ አሠሩና ኑ» አለን፤ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው። አሠራን። «የልብ ቫልቯ ላይ የሩማቲክ ጅማሮ አለ» ተባልን።

ልጅቷ ግን ደህና ናት። ገመድ ትዘላለች፣ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። ሳሉም ለቀቃት። በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ትወጋ ነው የሚሉት። ለስንት ጊዜ ብል «ዓመታት ሊሆን ይችላል» አሉኝ። ሁለቴ ተወጋች፣ ሁለቴም እያነከሰች ነው ቤት የገባችው።

አባቷ «ያልታመመ ልጅ አታሳምሚ» ይላል። አማቴ «ቶንሲል ነው፣ እንጥሏን አስቆርጫት» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ የሴት ልጅ መርፌ ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚመስላት፤ አፏን ይዛ ታየኛለች። በዚያ ላይ ፔኒሲሊን ተወግቶ እዚያው የቀረ ልጅ አለ ሲባል ሰማሁ። ሦስተኛው ቀጠሮ ደርሷል። ልውሰዳት ወይስ ልተወው?

ሲስተር ከደሴ

አብሽሪ እህቴ። ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፤ ይህን ጥያቄ ስንት እናት ጠይቃኛለች መሰለሽ።

ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጉሮሮ የሚያቆስል ባክቴሪያ አለ። ሰውነት እሱን ሲዋጋ አንዳንድ ልጅ ላይ ይሳሳታል። ባክቴሪያውን ከራሱ ልብ ጋር ያምታታና ቫልቩን ይመታል። በብዛት የሚያገኘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። መጀመሪያ ትንሽ ጠባሳ ናት፣ ልጁም አይታወቀውም። ጉሮሮው በተመላለሰ ቁጥር ግን ጠባሳው ይወፍራል። ቫልቭ ማለት የልብ በር ነው፤ ሲወፍር ወይ በደንብ አይዘጋም ወይ በደንብ አይከፈትም። መርፌው ያለውን ጠባሳ አያጠፋም። ሌላ እንዳይጨመር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

«ደህና ናት» ላልሽው፣ መርፌው የሚጠቅመው እኮ ደህና እያለች ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ባለሙያውም ይከራከርበት ነበር። ምልክት የሌለው፣ ኢኮ ላይ ብቻ የታየበት ልጅ ይወጋ አይወጋ እየተባለ። ሰሜን ኡጋንዳ የተሠራ፣ በ2014 ዓ.ም. የወጣ ጎል የሚባል ጥናት አለ። መቶ ሺህ የሚያልፉ ልጆችን በኢኮ አዩ። እንደ ልጅሽ ጅማሮ ከተገኘባቸው ውስጥ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ 818 ልጆች ጥናቱ ውስጥ ገቡ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ ተወጉ፣ ግማሾቹ ሳይወጉ ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እስከ መጨረሻው ከታዩት ውስጥ፣ ካልተወጉት 400 ልጆች 33ቱ ብሶባቸው ተገኘ። ከተወጉት 399 ግን 3 ብቻ።

ለአባቷም ፍርድ አልነፍገውም። ካልተወጉትም አብዛኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ አልባሰባቸውም። ሂሳቡ ሲሠራ፣ 13 ልጆች ሁለት ዓመት ሲወጉ አንዱ ከመባስ ይተርፋል። ያ አንዱ የማን ልጅ እንደሆነ ግን ቀድሞ የሚነግርሽ የለም።

አያ ከወልዲያ

ፔኒሲሊን ቀልድ አይደለም። የሰፈራችን ልጅ ተወግቶ ብድግ ሲል ነው ዘፍ ያለው። እኔ ብሆን ጠበል ነው የምወስዳት። እንጥልም ቢሆን ሁላችን ተቆርጠናል፣ ምን ሆንን?

ሲስተር ከደሴ

አያ፣ ጠበሉንም ዱአውንም የከለከለ የለም። መርፌውን ተወግታ ትሂድ። እንጥል ግን አይሆንም። ባክቴሪያው እንጥል ስለተቆረጠ አይጠፋም። ምላጭ የገባበት ጉሮሮ ደሙ አልቆም ብሎ፣ እናቱ ነጠላዋን አፉ ላይ ይዛ ያመጣችውን ልጅ ተቀብያለሁ። ነጠላው ነጭ አልነበረም።

ስለ መውደቁ፦ የወደቀ ሁሉ አለርጂ አይደለም። ፈርቶ፣ ባዶ ሆዱን መጥቶ ራሱን የሚስት ብዙ ነው። እውነተኛ አለርጂም አለ፣ አልዋሽም። በጎል ጥናት አንድ ልጅ ላይ ቀላል አለርጂ ታይቷል፤ ከተሰጡት መርፌዎች ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ተወግተው ሞቱ ከሚባሉት መካከል ደግሞ ልባቸው ቀድሞ ክፉኛ የተጎዳ አሉ። ለእንዲህ ዓይነቶቹ የሚዋጠው ፔኒሲሊን እንዲታሰብ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በዚያው በ2014 ዓ.ም. መክሯል። የባቲዋ ልጅ ጅማሮ ላይ ናት ከተባለች ከእነዚህ አትመደብም። ቢሆንም የኢኮውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂና ሐኪሙን ጠይቂው።

ከዚህ በፊት በፔኒሲሊን ሽፍታ ወጥቶባት ወይም ትንፋሽ አጥሯት ከሆነ ሳትወጋ ተናገሪ። በልታ፣ ውሃ ጠጥታ ትምጣ። ረመዳንም ቢሆን የመርፌዋን ቀን እንዳትጾም። ተኝታ ትወጋ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጡ፣ ሮጣችሁ ታክሲ አትያዙ።

የኮምቦልቻዋ

እኔ ያልተወጋችው ነኝ። አሁን 26 ዓመቴ ነው። ልጅ ሆኜ ጉልበቴ ያብጥ ነበር። እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ክርኔ። የወሰዱኝ ቦታ «ብርድ ነው» ብለው የሚቀባ ሰጡኝ። እናቴ በቅባት ስታሸኝ ከረመች። እኔም ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ለካ የዚሁ በሽታ ምልክት ነበር።

17 ዓመቴ ላይ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ማታ ሦስት ትራስ ደርቤ ካልተደገፍኩ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። ቫልቬ ከጥቅም ውጭ ሆኖ ነው የተገኘው። አዲስ አበባ ወረፋ ጠብቄ ብረቱ ተገጠመልኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ባሌም ይሰማዋል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን በየቀኑ እውጣለሁ፣ ለምርመራ እየተመላለስኩ ደም እሰጣለሁ። መውለድ ስፈልግ ዝም ብዬ ማርገዝ አልችልም። መድኃኒቱ ፅንስ ይጎዳል፣ መጀመሪያ ሐኪም ማማከር አለብኝ። እትዬ፣ ስለ ማንከስ ነው የምታወሪው? አንድ ቀን ታነክስ።

ባለ ሱቁ ከሐይቅ

ልጄ ሦስት ዓመት ሲወጋ የተማርኩትን ልንገርሽ።

በወር ቁጥር አትሂጂ። እኔ መጀመሪያ በሚካኤል በሚካኤል ብዬ በ12 በ12 ያዝኩት። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ መርፌው ደግሞ 28። በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ይንሸራተታል፤ ጳጉሜን ሲመጣማ ጭራሽ። በሳምንት ቀን ያዢው። አንቺ ባቲ ነሽ፣ ሰኞ ገበያ ነው፤ አንቺም አትመቺም፣ መንገዱም ይጨናነቃል። በየአራተኛው ማክሰኞ በይው፣ አለቀ።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ እንደ ወተት ወፍራም ነው። በጥብጠውት ቶሎ ካልሰጡት መርፌው ይደፈናል፣ ልጁ ድጋሚ ይወጋል። የእኛዋ ነርስ የተበጠበጠውን ጠርሙስ መዳፏ ውስጥ ይዛ ታሞቀዋለች። ከመውጋቷ በፊት ቦታውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ እስከ አሥር ትቆጥራለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ነው የምትሰጠው። እሷ ስትወጋው አያነክስም፣ ሌላ ሰው ሲወጋው ያነክሳል። እሷ የምትገባበትን ቀን ጠይቄ ነው የምሄደው።

ስለ ጎረቤት፦ «የልብ ክትባት ነው» በያትና እለፊያት።

ሲስተር ከደሴ

ክትባት እንኳ አይደለም፣ ግን ለጎረቤት ይበቃል። ጫን ማድረጉም ማሞቁም ትክክል ነው። ማደንዘዣ ሊዶኬይን ከመድኃኒቱ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጥበት አሠራርም አለ፤ ሕመሙን ይቀንሳል። ለስንት ጊዜ ላልሽው፣ ኢኮው እየተደገመ ሐኪሙ ይወስናል። ቫልቫቸው ተስተካክሎ የሚያቆሙ ልጆች አሉ። ጉሮሮዋን ካመማት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ አሳያት።

እናት ከባቲ

አላህ ያክብራችሁ። ትናንት ማክሰኞ ወሰድኳት። ቁጥሩን ለአባቷ ሳነብለት ዝም አለና «33 ነው ያልሽው?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ ራሱ ይዟት ወጣ። ሁለት ሙዝ በልታ፣ ተኝታ ተወጋች። ትንሽ አንክሳለች። አማቴ አሁንም እንጥሉን አልተዉትም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሊዶኬይኑን እኛ ገዝተን እንውሰድ ወይስ እነሱ ጋ አለ?

ሲስተር ከደሴ

ገዝተሽ አትሂጂ። በቀጠሮዋ ቀን ጠይቂያቸው። መቀላቀሉ የእነሱ ሥራ ነው፣ መጠኑም በኪሎዋ ነው። የአማትሽን ነገር ለባለ ሱቁ ስጪው፣ ለሁሉም መላ አለው።